የመንግሥት ሬዲዮ የሚያናግረው መራጩን ነው ወይስ የቀበሌውን ሊቀመንበር?

ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድ አቤቱታ ይደገማል፤ የአየር ሰዓት። ተቃዋሚዎች "ተነፈግን" ይላሉ፣ ገዥው ፓርቲ "ከድርሻችሁ በላይ አግኝታችኋል" ይላል፣ የውጭ ታዛቢዎች ደግሞ ለማን ስንት ደቂቃ እንደተሰጠ ይቆጥራሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ግን ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ወደ ስናን ወይም ወደ ማቻከል ገጠር ለዘለቀ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ያለ ገበሬ ድምፁን የሚሰጠው ሬዲዮ ስለነገረው ነው? ካልሆነስ መንግሥት ሬዲዮውን እንዲህ አጥብቆ የሚይዘው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ይናገራል።

በ1997 ምርጫ የመንግሥት ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ጋዜጣ የሚያዝ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር ነበር፤ ሚኒስትሩም አቶ በረከት ስምዖን። እኚህ ሰው በተወዳደሩበት በቡግና በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ። ወንበሩን ያገኙት በነሐሴ በተደረገ ድጋሚ ምርጫ ነው። የአገሩ ማይክራፎን ሁሉ በእጁ ያለ ሰው በላስታ ተራሮች መካከል የራሱን መራጮች በመጀመሪያው ጊዜ ማሳመን አልቻለም ማለት ነው። ይህን ብቻ ይዞ "ሬዲዮ ዋጋ የለውም" ማለት ይቻል ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል።

ቅንጅት ያን ጊዜ የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ፤ ለከተማው ምክር ቤትም ከ138ቱ 137ቱን። ይህ ብዙም አይደንቅም። አዲስ አበባ የግል ጋዜጣው ነበረላት፣ የካፌ ወሬው ነበረላት፣ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀው ሕዝብ የራሷ ሕዝብ ነበር። የሚደንቀው ገጠሩ ነው። በይፋ በተነገረው ውጤት ቅንጅት 109 የፓርላማ ወንበር አገኘ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ካገኛቸውም ብዙዎቹ የአማራ ክልል ናቸው። በዚያ ገጠር ቅንጅት ጋዜጣ አልነበረውም፣ ሬዲዮ አልነበረውም፣ መኪናውም ቢሆን ከዋናው መንገድ ብዙ የሚርቅ አልነበረም።

ታዲያ ወሬው እንዴት ደረሰ? በሰው እግር ነዋ። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23 ነበር፤ ድምፅ ከተሰጠበት ከግንቦት 7 ልክ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ወላጆቹ ቤት የማይገባ የጎጃም ልጅ ጥቂት ነው። በግ ተርዶ ጠላው ቀርቦ ዘመድ ሲሰበሰብ ደግሞ ከከተማ የመጣው ልጅ ምን እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው፤ "እስቲ ያገሩን ወሬ?" ይባላል። ፓርቲ ያልከፈለው፣ ፓርቲ ያላሰማራው የቅስቀሳ ሠራዊት በዚያች ሳምንት በየቤቱ ገባ። የትኛውም የዘመቻ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቢያቅድ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመርጥም ነበር።

ምልክቱም አግዟል። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበር፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት። ንብን ለማሳየት ማተሚያ ቤትና ፖስተር ያስፈልጋል። ሁለት ጣት ግን እረኛው ከማዶ ሊያሳየው ይችላል። ማንበብ ለማይችል መራጭ፣ ወረቀት በማይደርስበት ጎጥ፣ ጣት ያለው ሁሉ ፖስተር ሆነ።

እንዲህ ያለው የወሬ መንገድ በጎጃም አዲስ አይደለም። በ1960 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ "መሬት መለካት ርስት መንጠቅ ነው" ብሎ ተነሣ። ጉዳዩ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ እስከ ዳሞት አዳረሰ። ያን ጊዜ ያንን ሁሉ አገር ያነጋገረ ሬዲዮ አልነበረም፤ ያነጋገረው ገበያው፣ ለቅሶው፣ የአገር ሽማግሌው ሸንጎ ነው። መንግሥት በጦር አውሮፕላን ጭምር ሞከረ። በመጨረሻ ግን ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥቶ፣ ውዝፉን ግብር ምሮ ነገሩን አበረደ። በስናን ወረዳ ከተማዋ ስሟ ራሱ ረቡዕ ገበያ ነው። በጎጃም ገበያ የሚወጣው እህል ለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ለመሸመትም ነው። ደግሞም ወሬው እንደ ሬዲዮ ባንድ በኩል ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ ሰሚው ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ "አንተ ራስህ አይተሃል?" ይላል።

ይህ የጎጃም ብቻ ጠባይም አይደለም። በአውሮፓውያኑ 1940 አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ ግዛት ኢሪ በሚባል አውራጃ ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሰሞን መራጮችን ለወራት ተከታትለው ነበር። ሬዲዮና ጋዜጣ የመራጩን ሐሳብ በቀጥታ ሲለውጡ ያያሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ሐሳቡን የቀየረው ሰው በአብዛኛው የቀየረው የሚያምነው ሰው ስለነገረው ነው። ሬዲዮው ቀድሞ የሚደርሰው ለእነዚያ ለሚታመኑት ሰዎች ነው፤ ጎረቤቱ ከእነሱ ይሰማል። የኦሃዮው ገበሬና የጮቄ ሥሩ ገበሬ በዚህ አይለያዩም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ ተንታኝ "ስለዚህ ሚዲያ አይጠቅምም፣ መሬት ላይ ሥሩ" ብሎ ይደመድማል። ችኮላ ነው። በ1997 ከእግረኛው ቅስቀሳ በፊት የመጣ አንድ ነገር ነበር፤ የፓርቲዎቹ ክርክር በመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ መተላለፉ። ሚኒስትር ከተቃዋሚ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲከራከር፣ ሲሸነፍም ጭምር፣ አገር ሰማ። የዚህ ክርክር ዋና ውጤት ገበሬውን ማሳመኑ አልነበረም። ዋናው ውጤት የቀበሌውን ሊቀመንበር ማሳመኑ ነው! ሊቀመንበሩ፣ ሚሊሻው፣ ልማት ሠራተኛው፣ የወረዳው ካድሬ ሬዲዮ የሚሰሙት እንደ ተራ አድማጭ አይደለም። "ከላይ ምን ተፈቀደ? ምን ተከለከለ?" ብለው ነው የሚሰሙት። ከላይ ያሉት ትልልቆች ከተቃዋሚ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ፣ ታች ያለው ሊቀመንበር በሰንበቴው ላይ ስለ ቅንጅት ያወራውን መምህር በምን ድፍረት ያስራል?

የመንግሥት ሬዲዮ በገጠር የፈቃድ ወረቀት ነው። አድልዎውም መታየት ያለበት በዚህ ዓይን ነው። ተቃዋሚን "የጥፋት ኃይል"፣ "ተላላኪ"፣ "ፀረ ሰላም" እያለ የሚያወራ ሬዲዮ መራጩን ላያሳምን ይችላል፤ ገበሬው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ሊቀመንበሩ ግን አያልፈውም፤ ለእርሱ ይህ ዜና ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ለማን ስንት ደቂቃ እንደተሰጠ መቁጠር ብቻውን ይህን አያሳይም። አምስት ደቂቃ ስድብ ከአምስት ሰዓት የገዥ ፓርቲ ዜና የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ አድራሻው ሌላ ነውና።

ከ1997 በኋላ የሆነውን ያየ ገዥው ፓርቲ ነገሩን ከተቃዋሚዎቹ ይልቅ በደንብ መረዳቱን አይጠራጠርም። በሰኔና በጥቅምት ግርግር፣ አጣሪ ኮሚሽኑ እንደቆጠረው፣ 193 ሲቪሎች ሞቱ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ይህ የሚታወቀው ነው። የማይነገረው ቀጥሎ በየጎጡ የተሠራው ሥራ ነው። በ1997 ወደ 760 ሺህ ገደማ የነበረው የኢሕአዴግ አባል በ2000 ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ አለ። በ2000 ሚያዝያ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ የቀበሌና የወረዳ ወንበር ነበር፤ ተቃዋሚ ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ አንድ ለአምስቱ መጣ። የልማት ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፣ የወጣት ቡድን። ጠላ ቤቱ፣ ወንፈሉ፣ ሰንበቴው ለዘመናት ሲሠሩት የኖሩትን የወሬ መንገድ ፓርቲው በመዝገብ ይዞ የራሱ አደረገው።

አንዳንዱ "ታዲያ ይሄ ራሱ መሬት ላይ መሥራት አይደለም ወይ?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢሕአዴግ ካድሬ ጭቃ ረግጧል፤ ይህን መካድ አይገባም። ልማት ሠራተኛው ገበሬው ማሳ ድረስ ሄዷል፣ ተቃዋሚው ግን አዲስ አበባ መግለጫ ሲጽፍ ነበር። ነገር ግን ቅስቀሳንና ቁጥጥርን የሚለይ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። ገበሬው "አልፈልግም" ብሎ ማዳበሪያውን ያገኛል ወይ? ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ያወጣው ሪፖርት የዚህን መልስ በዝርዝር ይዟል፤ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ የምግብ እርዳታ ለፓርቲ ታማኝነት መመዘኛ ሲሆኑ። መንግሥት አስተባብሏል፣ ለጋሾቹም በሰፊው የሚፈጸም ነገር አላገኘንም ብለዋል። ገጠሩን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ በሰፊው መፈጸምም እንደማያስፈልገው ያውቃል። በአንድ ጎጥ አንድ ሰው ማዳበሪያ ቢከለከል ሌላው ሁሉ ትምህርቱን ይወስዳል።

የ2002 ምርጫ ውጤት ከዚህ በኋላ ማንን ያስገርማል? ከ547 ወንበር 545ቱ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ፣ አንዱ ለመድረክ፣ አንዱ ለግል ተወዳዳሪ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ከግማሽ በላይ ሽፋናቸውን ለገዥው ፓርቲ እንደሰጡ ቆጠሩ። ቆጠራው ትክክል ነው፤ ግን ምርጫው ያለቀው ሬዲዮው አፉን ሳይከፍት ነበር። አቶ መለስ ዜናዊ በዚያው ዓመት መጋቢት የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው የሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ለማፈን እንደማይመለሱ ተናገሩ። ብዙ ሰው ይህን ገበሬው የውጭ ሬዲዮ እንዳይሰማ የተደረገ አድርጎ ወሰደው። በከፊል እውነት ነው። ግን በግልጽ የተነገረው ንግግር ለሌላም ጆሮ ነበር፤ ማታ በር ዘግቶ አሜሪካ ድምፅን የሚሰማ ጎረቤት እንዴት መታየት እንዳለበት ለሊቀመንበሩ ነገረው።

የደብረ ማርቆስን ስም ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያስተሳስረው ደግሞ የ2007 ምርጫ ነው። ሳሙኤል አወቀ የሰማያዊ ፓርቲ ዕጩ ሆኖ በምሥራቅ ጎጃም የተወዳደረ ወጣት ነው። ፓርቲው በዚያ ምርጫ የቅስቀሳ መልእክቶቹ በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ተመለሱብኝ እያለ ሲያማርር ነበር። የአየር ሰዓቱ ድልድልም አንዱ መመዘኛው ፓርላማ ውስጥ ያለ ወንበር ነበር፤ 545 ወንበር ለያዘ ወገን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። ለሳሙኤል የቀረው እግሩና የፌስቡክ ገጹ ነው። በሁለቱም ተጠቀመ። ዛቻ እንደሚደርስበትም በዚያው ገጹ ጽፎ ነበር። ምርጫው ግንቦት 16 ተደረገ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ሰኔ 8 ቀን ሳሙኤል በደብረ ማርቆስ ተደብድቦ ተገደለ። ፓርቲው ግድያው ፖለቲካዊ ነው አለ፣ መንግሥት ከፖለቲካ ጋር አይገናኝም አለ።

ማን ለምን ገደለው የሚለው ክርክር እንዳለ ይሁን። የማያከራክረው ሌላ ነገር አለ። አንድም የተቃዋሚ ወንበር ያልተገኘበት ምርጫ ካለፈ በኋላ፣ ዛቻ ደረሰብኝ ብሎ በአደባባይ የጻፈ ዕጩ ጠባቂ አላገኘም። ከዚያ በኋላ በማቻከል ወይም በጎዛምን ለዕጩነት ስሙን ሊያስመዘግብ የሚያስብ መምህር ምን አስቦ እንደተወ መገመት አይከብድም። ሚስቱ ምን እንዳለችውም እንዲሁ።

በ2013 ብዙ ነገር ተሻሽሎ ነበር። ምርጫ ቦርድ በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ ነበር፤ የአየር ሰዓት በሥርዓት ተደለደለ፣ ክርክሮቹም በቴሌቪዥን ተላለፉ። ሰኔ 14 ቀን፣ በድምፅ መስጫው ዕለት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ራሳቸው ወጥተው በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢዎች ከብዙ ጣቢያዎች እየተባረሩ መሆኑን ተናገሩ። ልብ ይሏል፤ በስቱዲዮ የተከፈተው በር በጣቢያው ደጅ ላይ ተዘጋ። ምክንያቱም በ1997 ሬዲዮውን ሰምቶ የተደናገጠው ሊቀመንበር በ2013 አልተደናገጠም። በመካከሉ 16 ዓመት አለፈ፤ የስቱዲዮው ወግ ሌላ፣ የታቹ ሥራ ሌላ እንደሆነ ተምሯል። ብልጽግና ምርጫ ከተደረገባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አገኘ፣ አብን 5።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለው ጎጃም ደግሞ ጦርነት ያለበት ጎጃም ነው። ኢንተርኔት ለወራት ተቆርጧል፣ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ቢቸና ገበያ ደርሶ መመለስ ራሱ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል። እንዲህ ባለ አገር መሬት ላይ ቅስቀሳ ይሠራ ማለት ቀልድ ይመስላል። ይሁን እንጂ ክፍተቱን የሞላው ማን እንደሆነ መታየት አለበት። በአንድ በኩል ሁሉ ሰላም ነው የሚል የመንግሥት ጣቢያ፣ በሌላ በኩል ከዋሽንግተንና ከለንደን የሚተላለፍ የዩቲዩብ ስርጭት። ሁለቱ ጠላት ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሁለቱም ስለ ጎጃም ገበሬ ያወራሉ እንጂ ከእርሱ ጋር አያወሩም። ከውጭ ያለው ተንታኝ አንድ ወረዳ "ነጻ ወጣ" ሲል የዚያ ወረዳ ገበሬ በማግሥቱ ማን በር እንደሚያንኳኳበት አያስብም። ያኛው ሬዲዮ የሚናገረው ለሊቀመንበሩ ከሆነ ይሄኛው የሚናገረው ለለጋሹ ነው፤ ገበሬው ለሁለቱም ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

ተቃዋሚ ፓርቲዎቹስ? አብዛኞቹ አሁንም አዲስ አበባ ሆነው መግለጫ በፌስቡክ ይለጥፋሉ፣ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ስለ ደቂቃ ይከራከራሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ በሬው ግን በጽሕፈት ቤት አይቀለብም። አንድ ፓርቲ በጎዛምን ወረዳ ውስጥ ለቅሶ የሚደርስለት፣ በጅጊ የሚያጭድለት፣ እድር ውስጥ ስሙ ያለ ሰው ከሌለው፣ ሙሉ የአየር ሰዓት ቢሰጠው ምን ያደርግበታል? በተገላቢጦሹም ያ ሰው ቢኖረው፣ ሬዲዮው ቀን ከሌሊት ፓርቲውን ጠላት እያለ ከሆነ፣ ያ ሰው እድሩ ላይ አፉን አይከፍትም። ሁለቱ ጥያቄዎች ተነጣጥለው የሚጠየቁ አይደሉም። የአየር ሰዓት የሚጠይቅ ፓርቲ ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ስድቡ እንዲቀር መጠየቅ አለበት። በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የተወካዩን ፊት ከማየት ይልቅ፣ የክልሉ ባለሥልጣን በዚያው ጣቢያ ቀርቦ "ተቃዋሚን ቤቱ ያስተናገደ ሰው አይነካም፤ የነካው ይጠየቃል" ሲል ማሰማት ይበልጣል። ሊቀመንበሩ የሚሰማው ያንን ነው።

ሌላም ማንም የማያነሣው ጉዳይ አለ፤ የምርጫው ወር። ግንቦት 7፣ ግንቦት 15፣ ግንቦት 16፣ ሰኔ 14። አራቱም የወደቁት ገበሬው ማዳበሪያ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው። በ2015 በእጥረቱ ምክንያት የአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ እስከመውጣት ደርሰው ነበር፤ የዚያች ኩንታል ነገር እንዲህ የሚያስወጣ ነው። የማዳበሪያውን ዝርዝር የሚይዘውና የመራጩን ሰልፍ የሚያስተባብረው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የምርጫ ሰሌዳ የሚያወጡ ሰዎች ዝናቡን አስበው መንገድ እንዳይበላሽ ይጠነቀቃሉ፤ የመኪና መንገድ ማለታቸው ነው። ድምፅ መስጫውን ማዳበሪያው ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ማድረግ፣ ወይም የሥርጭቱን ስም ዝርዝር ከቅስቀሳው መጀመሪያ በፊት በየቀበሌው በር ላይ መለጠፍ፣ ስቱዲዮም ሆነ የውጭ ታዛቢ አያስፈልገውም። እስካሁን ይህን በጽሑፍ የጠየቀ ፓርቲ ካለ ድምፁ አልተሰማም።